ሉፐሩን ከመንካትዎ በፊት መርፌውን ይዩት

ጥያቄ፦ «እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ ባለ አራት ክር የቤት ኦቨርሎክ (የጨርቅ ዳር እየቆረጠ የሚሰፋ መኪና) አለኝ። ሐዋሳ ሆኜ የልጆች ልብስና የሐበሻ ቀሚስ እሰፋበታለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሸማ ሲሆን ደህና እየሰፋ ቲሸርት ሲሆን ስፌት ይዘላል። መርፌ ከገበያ ገዝቼ ብቀይርለት ባሰበት፤ አሁን ጭራሽ ቻክ ቻክ የሚል ድምፅ አምጥቷል። ያሳየሁት ሰው ሉፐሩ (ከመርፌው ሥር ክር የሚያጠላልፈው መንጠቆ መሰል ብረት) ስለተበላሸ መቀየር አለበት አለኝ። ልቀይረው? ለየትኛው ጨርቅስ የትኛውን መርፌ ልጠቀም? ጽዳቱና ዘይቱስ እንዴት ነው?»

ምላሽ፦ አይቀይሩት። ቢያንስ ገና አይቀይሩት።

እስቲ ከራስዎ ጥያቄ እንነሳ። ማሽኑ ሸማ ላይ ደህና ይሰፋል፣ ቲሸርት ላይ ይዘላል ብለዋል። የተበላሸ ሉፐር ብዙ ጊዜ ጨርቅ አይመርጥም፤ በየጨርቁ ላይ ይዘላል። ጨርቅ የሚመርጠው መርፌ ነው። ድምፁም ቢሆን የመጣው መርፌ ከቀየሩ በኋላ ነው። ሁለቱም ምልክቶች የሚጠቁሙት ወደ አንድ ቦታ ነው። የሉፐሩን ብሎን የፈታ ሰው ግን ከፋብሪካው በልክ የተገጠመውን ነገር ስለሚያናጋው፣ በመርፌ ብቻ ይድን የነበረው ማሽን እውነተኛ ጥገና የሚያስፈልገው ይሆናል። ስለዚህ መርፌ፣ ክርና ጽዳት በየተራ ታይተው ሳያልቁ ያንን ብሎን ማንም እንዳይነካው።

መርፌ ይህን ያህል ለምን እንደሚወስን ለማየት የሉፐሩን ክዳን ይክፈቱና ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቅለው መዘውሩን በእጅዎ ቀስ እያሉ ወደ ራስዎ ያዙሩት። መርፌው እስከ ታች ወርዶ መነሳት ሲጀምር ክሩ ወዲያው ተከትሎት አይወጣም። ጨርቁ ስለሚይዘው ከመርፌው ጀርባ፣ ከዓይኑ ከፍ ብሎ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ላይ፣ ትንሽ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል። ከሁለቱ ሉፐሮች የታችኛው ጫፍ ከግራ መጥቶ የሚገባው በዚያች ቀለበት ውስጥ ነው። በዚያ ቅጽበት በሉፐሩና በመርፌው መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም። ቀለበቷ ካልተፈጠረች፣ ወይም መርፌው ጥቂት ተጣሞ ወይም ዞሮ ከሆነ፣ ሉፐሩ ባዶ ያልፋል። ዘለለ የሚባለው ይህ ነው።

ቲሸርት ላይ ቀለበቷ የምትጠፋበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው። ቲሸርት የተሸመነ ጨርቅ ሳይሆን በቀለበት በቀለበት የተጠለፈ ነው፤ ሊክራ ካለበት ደግሞ ይለጠጣል። ሹል መርፌ ሲገባ ጨርቁ መርፌውን ጨብጦ አብሮት ይወርዳል፣ አብሮት ይነሳል። ክሩም እንደተወጠረ ይወጣል እንጂ ኋላ አይቀርም። ጫፉ ክብ የሆነ መርፌ ግን የጨርቁን ክሮች ወደ ጎን ገፍቶ በመካከላቸው ስለሚያልፍ አይጨበጥም። ሹሉ መርፌ ሌላም ጥፋት አለው፤ የተጠለፈውን ክር ይበጥሳል። ልጁ ልብሱን ሁለት ሦስት ጊዜ ለብሶ ሲታጠብ በስፌቱ ዳር የሚወጡት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከዚያ የመጡ ናቸው።

አሁን ወደ ገዙት መርፌ እንምጣ። በገበያችን እንደ ልብ የሚገኘው መርፌ ለልብስ ሰፊዎች ትልልቅ ማሽን የተሠራው ነው። ፓኬቱ ላይ ዲ.ቢ.ኤክስ 1 የሚል ከሆነ ለቀጥታ ስፌት የፋብሪካ ማሽን የሚሆን ነው፤ ዲ.ሲ.ኤክስ 27 ወይም ቢ 27 የሚል ከሆነ የፋብሪካ ኦቨርሎክ መርፌ ነው። ሁለቱም በላይኛው ጫፋቸው ድፍን ክብ ናቸው። የአሁን ዘመን የቤት ማሽን መርፌ ግን ላዩ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ጠፍጣፋው ወደ ኋላ ዞሮ ሲገባ መርፌው ሌላ አቅጣጫ ሊይዝ አይችልም። ክቡ መርፌ በቤት ማሽን መያዣ ውስጥ ብሎኑ ስለጠበቀ ብቻ የገባ ይመስላል እንጂ ቦታውን አይዝም፤ ሲሰፋ ይዞራል፣ ሉፐሩን ይነካል። ሻጩ «የኦቨርሎክ ነው» ብሎ ቢሰጥዎት አልዋሸም፤ የሌላ ኦቨርሎክ ነው። ድምፁን ያመጣው ይህ ይመስለኛል። የገዙትን ያውጡና ላዩን በጣትዎ ይዳስሱት፤ ጠፍጣፋ ጎን ከሌለው ዛሬውኑ ከማሽኑ ይራቅ።

የእርስዎ ማሽን የሚፈልገው የትኛውን እንደሆነ መመሪያው ላይ፣ ብዙ ጊዜም በሉፐሩ ክዳን ውስጠኛ በኩል ተጽፎ ያገኙታል። በአሁን ዘመን የቤት ኦቨርሎኮች ላይ የሚያጋጥሙት ሁለት ናቸው። አንደኛው 130/705 ኤች ነው፤ የጃፓን አምራቾች ኤች.ኤ.ኤክስ 1 ይሉታል፣ በተራ የቤት ስፌት መኪና የሚገባውም ይኸው ነው። ሁለተኛው ኢ.ኤል.ኤክስ 705 ነው፤ ይህ በተለይ ለኦቨርሎክ የተሠራ ሲሆን ከፊቱ ካለው የክር መሄጃ ቦይ ሌላ ከኋላውም ሁለተኛ ቦይ አለው። ማሽንዎ ኢ.ኤል.ኤክስ 705 የሚል ከሆነ በተራው መርፌም ብዙ ጊዜ ይሰፋል፤ መዝለል ሲጀምር ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። አሮጌ ሞዴሎች የየራሳቸው መርፌ ነበራቸው፣ አንዳንዶቹም ክብ ነው፤ ስለዚህ «የቤት ከሆነ ሁሉም ጠፍጣፋ ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። የተጻፈውን ያንብቡ። እዚህ አገር መርፌውን ማግኘት ከከበደዎት እህትዎ በፖስታ ውስጥ ልትልክልዎ የምትችለው ነገር ነው፤ የሞዴሉን ስምና የመርፌውን ዓይነት ፎቶ አንስተው ይላኩላት፣ በቃል አይንገሯት።

ቁጥሩን በተመለከተ ፓኬቱ ላይ 80/12 ወይም 90/14 ተብሎ ሲጻፍ ትልቁ ቁጥር የመርፌው ውፍረት በሚሊሜትር መቶኛ ነው፤ 80 ማለት 0.80 ሚሊሜትር ነው። ትንሹ ቁጥር የአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ 80ን አንዳንዱ 11፣ አንዳንዱ 12 ብሎ ይጽፈዋል፤ ትልቁን ቁጥር ይከተሉ። ብዙዎቹ የቤት ኦቨርሎኮች ከ90 በላይ እንዲገባባቸው አይፈቅዱም። ጂንስ ልስፋ ብለው 100 ቁጥር ቢያስገቡ መርፌው ከመወፈሩ የተነሳ ሉፐሩን ሊነካው ይችላል። ጂንስ የሚሰፉ ከሆነ በ90 ይስፉት፣ ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ ስፌት በስፌት ላይ በተደረበበት ቦታ ደግሞ በመዘውሩ በእጅ ይለፉት።

ለጨርቆችዎ እንግዲህ። ለቲሸርትና ለሹራብ ጫፉ ክብ የሆነውን ይያዙ፤ በኢ.ኤል.ኤክስ 705 ዘር ከሆነ ኤስ.ዩ.ኬ. የሚል ቅጥያ ያለውን፣ በተራው ዘር ከሆነ ጀርሲ የሚለውን፣ 80 ቁጥር። ሊክራ ለበዛበት፣ ለዋና ልብስና ለስፖርት ልብስ ስትሬች የሚለው ይሻላል፤ ከኋላው ያለው ጎድጓዳ የተሠራው እንዲህ ባለ ጨርቅ ላይ ስፌት እንዳይዘል ታስቦ ነው። ሽመትዝ የሚል ስም ያለውን መርፌ ከገዙ በቀለሙም ይለዩታል፤ ላይ ባለው ቀለበት ቢጫው ስትሬች፣ ብርቱካናማው ጀርሲ ነው፣ ከታች ያለው ሁለተኛ ቀለም ደግሞ ውፍረቱን ይናገራል። ለዩኒፎርም ጨርቅ፣ ለፖሊስተርና ለካኪ ተራው መርፌ በ80 ወይም በ90 ይበቃል። ለሽፎንና ለስስ ሳቲን 70፣ ቢበዛ 75፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጨርቁን እየጎተተ መስመር ያወጣበታል።

ሸማው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በእጅ የተሸመነ ስለሆነ ክሮቹ ላላ ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ ተራው 75 ወይም 80 መርፌ ቢገባበት ምንም አይሆንም። ችግሩ መርፌው ላይ ሳይሆን ዳሩ ላይ ነው። ሸማ እንደተቆረጠ መተርተር ስለሚጀምር ዳሩን በጠባብ ቢይዙት ስፌቱ ከነዳሩ ተነቅሎ ይወጣል። የስፌቱን ወርድ ሰፋ፣ ርዝመቱን አጠር ያድርጉት፤ ከሁለቱ መርፌዎች የግራውን አያውጡት። ጥለቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ክር ካለ ደግሞ የማሽኑ ቢላዋ በእሱ ላይ ደጋግሞ ባይሄድ ይመረጣል፤ ያ ክር ከጥጥ ይልቅ ቢላዋም መርፌም ያደነዝዛል። እኔ ብሆን ጥለቱን አስቀድሜ በመቀስ ልክ አድርጌ ቆርጬ ቢላዋው ዳሩን ዳሰስ አድርጎ ብቻ እንዲያልፍ አደርጋለሁ።

መርፌ መቼ ይቀየራል? በሥራ ላይ ስምንት ሰዓት ያህል ከሰፋ በቂ ነው የሚለው የተለመደ ልክ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሯቸው። ያም ሆኖ ከሰዓት ይልቅ ጥፍርዎን ይመኑ። መርፌውን አውጥተው ጫፉን በአውራ ጣትዎ ጥፍር ላይ ቀስ አድርገው ይሳቡት፤ ከቧጠጠ ወይም ጭረት ከተወ ጫፉ ተጣሟል ማለት ነው። ቀጥሎ ጠፍጣፋ ጎኑን በመስታወት ላይ ያስተኙትና በዓይንዎ ልክ ያዩት፤ በመርፌውና በመስታወቱ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ካልሆነ ጎብጧል። ጎባጣ መርፌ በዓይን አይታይም፣ በመስታወት ግን አይደበቅም። መርፌ ስታስገቡ እስከ መጨረሻው ይግፉት፣ ከዚያ ብሎኑን ያጥብቁ። የግራው ከቀኙ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢታይዎት አይደንግጡ፤ አሠራሩ እንዲያ ነው፣ እኩል አደርጋለሁ ብለው ወደ ታች እንዳይስቡት።

ክርም ከመርፌው ጋር መስማማት አለበት። በኮን የሚሸጠው 40/2 የተባለው የፖሊስተር ክር ከ80 እና ከ90 ጋር ይሄዳል። ለማረጋገጥ አንድ ክንድ ያህል ክር በመርፌው ዓይን አሳልፈው ወጥረው አዘንብለው ይያዙት፤ መርፌው በራሱ ተንሸራትቶ መውረድ አለበት። እየተያዘ ከወረደ ወይ ክሩ ወፍራም ነው ወይ እብጠት አለው። በርካሽ ክር ላይ እዚህም እዚያም ወፈር ያለ ቦታ ይታያል፤ ያ ቦታ የክር መወጠሪያው ውስጥ ሲደርስ ይያዛል፣ ሲለቅ ስፌቱ ይላላል፣ ከዚያ ሰው ማሽኑን ይወቅሳል።

አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። የታችኛው ሉፐር ክር ሲበጠስ እሱን ብቻ መልሰው አስገብተው መስፋት ከጀመሩ ወዲያው እንደገና ይበጠሳል። ምክንያቱም የመርፌ ክሮች ቀድመው ስለገቡ የሉፐሩ ክር በእነሱ ላይ ተደርቦ ይታነቃል። ትክክለኛው ተራ የላይኛው ሉፐር፣ ከዚያ የታችኛው፣ ከዚያ የቀኝ መርፌ፣ በመጨረሻ የግራ መርፌ ነው። የሉፐሩ ክር ከተበጠሰ መጀመሪያ ሁለቱን የመርፌ ክሮች ከዓይናቸው ያውጧቸው፣ ሉፐሩን ያስገቡ፣ ከዚያ መርፌዎቹን ይመልሱ። ክር ሲያስገቡ የጨርቅ መጫኛው እግር ማንሻ ከፍ ብሎ ይሁን፤ አለበለዚያ በብዙ ማሽኖች ላይ ክሩ በመወጠሪያው ሳህኖች መካከል አይገባም፣ ላያቸው ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል።

ወደ ጽዳቱ ልሂድ። ኦቨርሎክ እየቆረጠ ስለሚሰፋ ከተራ ስፌት መኪና ጋር የማይነጻጸር ብናኝ ያወጣል፤ ሸማ ሲሆን ደግሞ ጥጡ ስለሚረግፍ በአንድ ቀሚስ ብቻ የሉፐሩ ጉድጓድ ነጭ ይሆናል። ብናኙ ዘይት ሲጠጣ ይጠጥርና ጨርቁን ከሚጎትቱት ጥርሶች ስር እንደ ጥጥ ንጣፍ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ጥርሱ ጨርቁን በደንብ አይዝም፣ ስፌቱም ይወላገዳል። የእኔ ልማድ ኮን በተቀየረ ቁጥር ማጽዳት ነው። ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፣ መርፌዎቹንና እግሩን ያውጡ፣ ክዳኖቹን ይክፈቱ፤ ቀጭን የቀለም ብሩሽ ይዘው ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይጥረጉ። በጥርሶቹ መካከልና በቢላዋው ሥር የተጣበቀውን በወረንጦ ይልቀሙት። በአፍ አይንፉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ ብረቱን ያዝገዋል። ጎረቤት ካለ ጎማ ቤት ወስደው በኮምፕረሰር ማስነፋት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ብናኙን ብሩሽ ወደማይደርስበት ውስጥ ይሰድደዋል።

የክር መወጠሪያዎቹን ሰው ይረሳቸዋል። እግሩን አንስተው መወጠሪያውን ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ ወፍራም የጥጥ ክር በአልኮል አርሰው በሳህኖቹ መካከል ወዲያና ወዲህ ይሳቡት። አንዳንዴ ጥቁር ጉድፍ ይዞ ይወጣል። ያቺ ጉድፍ ሳህኖቹን ከፍታ ስለምትይዛቸው ቁጥሩን ከ4 ወደ 7 ቢያደርሱትም ክሩ አይጠብቅም።

ዘይት በተመለከተ አጭር ልሁን፣ ምክንያቱም መመሪያው ከእኔ ይበልጣል። አንዳንድ ሞዴሎች ከፋብሪካ በቅባት ተሞልተው ስለሚመጡ ከባለሙያ በቀር ማንም ዘይት እንዳይጨምርባቸው ይላሉ። ዘይት የሚወስድ ከሆነ ሽታም ቀለምም የሌለው ንጹህ የስፌት መኪና ዘይት፣ መመሪያው በሚያሳያቸው ነጥቦች ላይ አንድ አንድ ጠብታ። የምግብ ዘይት፣ የፀጉር ቅባት፣ የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም፤ የምግብ ዘይት ጥቂት ወራት ሲቀመጥ እንደ ሙጫ ደርቆ ማሽኑን ይይዘዋል። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ የሚረጨውም ቅባት አይደለም፤ ያለውን ዘይት አጥቦ ይተናል። ዘይት ካደረጉ በኋላ በውራጅ ጨርቅ ጥቂት ይስፉ፣ ካልሆነ የመጀመሪያው ነጠላ ቅባት ይጠጣል።

ቢላዋውን የሚጠረጥሩት ዳሩ ተቦጫጭቆ ሲወጣ ወይም ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ያልተቆረጠ ክር ሲቀር ነው። ቀድመው ግን የላይኛው ቢላዋ ብሎን አለመላላቱን፣ የታችኛው ቢላዋ ጫፍም መርፌው ከሚገባበት ብረት ጋር እኩል መሆኑን ይመልከቱ። ሁለቱ ደህና ከሆኑ ደንዝዟል፤ ይቀየራል እንጂ በድንጋይ አይሳልም፤ የጫፉ ማዕዘን በእጅ አይገኝም። ቢላዋ የሚያልቀው በጨርቅ ብዛት ብቻ አይደለም። ስፒል ላይ አንድ ጊዜ ካለፈ አለቀ ማለት ነው። ስፒል የሚጠቀሙ ከሆነ ከዳሩ ራቅ አድርገው፣ ከስፌቱ ጋር ትይዩ ይሰኩት፤ የተሻለው ግን በልብስ መስቀያ መቆንጠጫ ይዞ ቢላዋው ጋ ከመድረሱ በፊት ማንሳት ነው።

ስላልጠየቁኝ ግን ልተወው ስለማልችለው ነገር ልጨምር። ማሽኑ የመጣው ከአሜሪካ ነው። እዚያ ያለው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ከማሽኑ ጀርባ ወይም ከስሩ የተለጠፈውን ይመልከቱ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ከ220 ወደ 110 በሚቀንስ ትራንስፎርመር ካልሆነ አይሰካም። እስካሁን እየሠራ ስለሆነ ትራንስፎርመር እንዳለዎት እገምታለሁ፤ ይሁንና የመሰኪያ ቅርጽ ብቻ የሚቀይረውን ትንሽ እቃ ከትራንስፎርመር ጋር እንዳያምታቱት፣ እሱ ቮልት አይቀንስም። የቤት ኦቨርሎክ የሚወስደው ኃይል ብዙ አይደለም፤ በጽሑፉ ላይ ያለውን ዋት በእጥፍ የሚችል ትራንስፎርመር ከገዙ ብዙ አይሞቅም። ፔዳሉም ከማሽኑ ጋር የመጣ ይሁን፣ የ220 ፔዳል አያዋሱት። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ይላል።

ስለዚህ በዚህ ተራ ይሂዱ። መጀመሪያ ላዩ ክብ የሆነውን መርፌ ያውጡና ማሽኑን ያጽዱ። ጠፍጣፋ ጎን ያለው፣ ጫፉ ክብ የሆነ 80 ቁጥር መርፌ ሁለቱንም ቦታ ያስገቡ። ሁሉንም ክር ነቅለው ከላይኛው ሉፐር ጀምሮ እንደገና ያስገቡ። መዘውሩን በእጅ ሙሉ ዙር ጥቂት ጊዜ ያዙሩት፤ የሚነካ ነገር ካለ በእጅዎ ይሰማዎታል። ከዚያ መወጠሪያዎቹን ሁሉ 4 ላይ አድርገው፣ የጨርቅ መጎተቻውን ማስተካከያ (ዲፈረንሻል ፊድ የሚባለውን) ከ1 ከፍ አድርገው በቲሸርት ቁራጭ ላይ ይሞክሩት። ጨርቁ ሲሰፋ እየተወዛወዘ ከረዘመ መጎተቻውን ወደ 1.5 ይውሰዱት፤ ይህ የመርፌ ጉዳይ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ድምፁ ካልጠፋ፣ ክቡ መርፌ ሲዞር የሉፐሩን ጫፍ ቧጥጦት ሊሆን ይችላል። ጫፉን በጥፍርዎ ይዳስሱት። ትንሽ ጭረት ከሆነ ባለሙያ በጣም በደቀቀ ብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፣ መቀየርም አያስፈልገውም፤ ጫፉ ከተሰበረ ግን ይቀየራል፣ ያን ጊዜ ያ ሰው ትክክል ነው። ወደ ባለሙያው ሲሄዱ የሚዘልበትን ጨርቅ፣ የሚሰፉበትን ክርና ትክክለኛውን መርፌ ከነፓኬቱ ይዘው ይሂዱ። ካቻቪቴውን ከማንሳቱ በፊትም በእርስዎ መርፌ አስገብቶ አንድ ጊዜ እንዲሰፋ ያድርጉት፤ በእጁ ባገኘው የፋብሪካ መርፌ ልክ ሉፐሩን ካስተካከለው ቤትዎ ሲመለሱ ማሽኑ በራሱ መርፌ አይሰፋም።